የኦቦ ሙሂዲን ኪታቦች

አንድ የማፍርበትን ነገር ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ለጎረቤት እንዳታወሩ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሬ ሲንኳኳ፣ “ግቡ” ከማለቴ በፊት ሮጬ የአልጋ ልብሴን እስከ ወለሉ ጎትቼ አወርድ ነበር። ጎረቤቴ ጋዲሴ፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዋ፣ አንድ ቀን “ነዒማ፣ አልጋሽን ቀሚስ አለበስሽው እንዴ?” ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅኩ። ከአልጋው ሥር ግን የአንድ ሟች መጻሕፍት በካርቶን በካርቶን ተደርድረው ነበር። የእኔ አይደሉም።

በዚህ ዓምድ ስለ መጽሐፍ ስቀባጥርላችሁ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ጨዋ ሳልመስላችሁ አልቀርም። መጽሐፍ ወዳድ ሁሉ ጨዋ ነው ያለው ማነው? መጽሐፍ አውሶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

የመጻሕፍቱ ባለቤት ኦቦ ሙሂዲን ናቸው። አምቦ ገበያው ዳር ክርና ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ከጣቃው ጀርባ ደግሞ ልብ ወለድ ይደብቁ ነበር። በ2013፣ በዚያ በኮሮናው ወራት ሲያርፉ ልጃቸው ፋሩቅ ደቡብ አፍሪካ ነበር፤ በረራ ተዘግቶበት ቀብራቸው ላይ አልደረሰም። ከመሞታቸው በፊት በስልክ “ኪታቦቼን ወቅፍ አድርግልኝ” ብለውት ነበር። ለአላህ ብለህ ለሰው ሁሉ መገልገያ ስጥልኝ ማለታቸው ነው። ለፋሩቅ ከአባቱ የቀረው ይኸው አደራ ብቻ ነው። አደራውን ለእኔ ሰጠኝ።

የፋሩቅ እናትና የእኔ አባት የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። ልጆች ሳለን ዒድ ሲመጣ ካልሆነ አንተያይም ነበር። ፋሩቅ “ስልክ ላይ አፌ ይተሳሰራል” ስለሚል በወረቀት ይጽፋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ በቴሌግራም ይልከዋል፤ እኔም እንደዚያው። ደብዳቤዎቹን እዚህ ላውጣቸው ብዬ ስጠይቀው ፈቅዷል።

ከደብዳቤዎቹ በፊት ስለ አንዲት ቃል ላጫውታችሁ። መስጊድ ውስጥ “ኪታብ” ስትሉ የዲን፣ የሃይማኖት መጽሐፍ ማለት ነው። ወጥታችሁ በኦሮምኛ “ኪታባ” ስትሉ ግን የትኛውም መጽሐፍ ነው፤ የሁለተኛ ክፍል ሒሳብም ኪታባ ነው። ኦቦ ሙሂዲን አምቦ ተወልደው አምቦ ያረጁ ሰው ናቸውና ሁለት ሽፋን ያለውን ነገር ሁሉ ኪታብ ይሉት ነበር። “አንቺ ልጅ፣ ያን የፍቅር ኪታብ መቼ ነው የምትመልሺው?” ብለው ገበያ መሃል ጮኸውብኝ ያውቃሉ። ስለዚህ አላውቅም ነበር አልላችሁም።

*

ደርባን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2015

ለእህቴ ለነዒማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናሽን ያብዛልሽ፣ የአባትሽን ዕድሜ ያርዝምልሽ፣ ብዕርሽን በረካ ያድርግልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህም መብራት ይጠፋል፤ ግን እንደ እናንተ በድንገት አይደለም። ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ አስቀድሞ በስልክ ይነግሩናል። ጨለማው እንኳ ቀጠሮ አክባሪ ነው። እኔም ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ በባትሪ አነባለሁ።

ሳስቸግርሽ እያፈርኩ ነው። የአባባን ሱቅ የተከራየው ሰው ከኋላ ያለችውን ክፍል ፈልጓታል። እናቴ ወራቤ ከተማ እህቴ ዘንድ ከገባች ወዲህ ቁልፉ አባትሽ ጋ ነው። በመስጊዱ ግቢ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ የሚሆን የንባብ ክፍል ሊከፈት መሆኑን ሼህ ደሊል ነግረውኛል። የአባባን ኪታቦች ለእሳቸው አስረክቢልኝ። አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ፤ ይህቺን እንኳ ካልፈጸምኩለት ምኑን ልጅ ሆንኩት?

ሌላውን ኮተት እንደሚሆን አድርጊው። ዱዓሽ አይለየኝ።

ወንድምሽ ፋሩቅ

*

አምቦ፣ ኅዳር 2 ቀን 2015

ለወንድሜ ለፋሩቅ፣

ወዐለይኩሙሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤህ ደርሶኝ ደጃፌ እንደመጣ እንግዳ ተደስቼበታለሁ። አባቴ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ምላሱ ደህና ነው፤ “ያ ልጅ አገባ ወይ?” እያለ ይጠይቃል። ምን ልበለው?

ክፍሏን ከፈትኳት። የጨርቅ ቀለምና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ተደባልቆ አባትህ እውስጥ ያሉ መሰለኝ። በየሽፋኑ ጀርባ ያቺ ሰማያዊ ማህተማቸው አለች፤ “ሙሂዲን የክርና የጨርቅ መደብር፣ ሀገረ ሕይወት”። የከተማው ስም ከተቀየረ ስንት ዘመኑ፣ እሳቸው ማህተሙን አልቀየሩም።

ኪታቦቹን ለሼህ ደሊል አስረክቤያለሁ። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለአባትህ ዱዓ አደረጉ፤ እዚያ የነበርነው ሁሉ አሚን አልን። ኮተቱንም እንዳልከኝ እንደሚሆን አድርጌዋለሁ። ልብህ ይረፍ።

እህትህ ነዒማ

*

አንባቢዎቼ፣ ይህ ደብዳቤ ላይ አንድም ውሸት የለም። ደግማችሁ ብታነቡት አታገኙበትም፤ ጽሑፍ ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል። ለሼህ ደሊል የሰጠኋቸው የዲን መጻሕፍቱን ብቻ ነው። አንድ ፌስታል አልሞሉም። የቀረውን፣ ልብ ወለዱን፣ የጉዞ ታሪኩን፣ ሽፋኑ የረገፈውን መጽሔት ሁሉ “ኮተት” አልኩትና በባጃጅ ወደ ቤቴ ጫንኩት። መንገድ ላይ በልቤ “ኪታብ ነው ያለኝ፣ ኪታቡን ሰጠሁ” እያልኩ ነበር። ማንም ሳይከሰኝ ስከራከር ነበር የሄድኩት።

*

ደርባን፣ ኅዳር 20 ቀን 2015

ለእህቴ ለነዒማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ያነሳሽልኝን ሸክም አላህ ከአንቺም ላይ ያንሳልሽ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ እንቅልፍ ሆኖልኛል። በሱጁድ ላይ ግንባሬን ምድር አስነክቼ “ያ አላህ፣ አባቴን ሳልቀብር ቀረሁ፤ አደራውን ግን አደረስኩ” እላለሁ። አንቺንም በስምሽ እየጠራሁ ዱዓ አደርግልሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። መደርደሪያውን ፎቶ አንሺልኝ። ልጆች ከአባባ መጽሐፍ ሲያነቡ ባይ የሱቄ ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር።

ወንድምሽ ፋሩቅ

*

አምቦ፣ ጥር 6 ቀን 2015

ለወንድሜ ለፋሩቅ፣

ወዐለይኩሙሰላም። ስለዘገየሁ አትቀየመኝ። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ከዚያም ጉንፋን ያዘኝ፣ ከዚያም የመጽሔቱ ሰዎች “ጽሑፍሽን ቶሎ” እያሉ አጣደፉኝ።

ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ልጆቹ ከፊት ተሰልፈው መደርደሪያውን ከለሉት፤ እንዲህ ናቸው፣ ካሜራ ሲያዩ አያስቀምጣቸውም። ግን ደስታቸውን ተመልከት።

ከተማችን ሰላም ናት። የንባብ ነገር ከጠየቅከኝ፣ እኔ አሁን አሁን የማነበው ጉደር ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ረዳቱ “እህት፣ ያን ነገር ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ሂሳብ አልቀበልሽም” አለኝ። አነበብኩለት። መንገድ ላይ የተሳፋሪ ጭቅጭቅ ተነስቶ ንባቡ ተቋረጠ፤ የታሪኩ ልጅ ሳትዳር ወረድኩ።

እህትህ ነዒማ

*

ልጆቹን ከፊት ያሰለፍኳቸው እኔ ነኝ። መደርደሪያው ባዶውን ነበር ማለት ይቀላል። ጋዲሴ የክፍሏን ተማሪዎች ይዛ የንባብ ክፍሉን ልታሳያቸው ሄዳ ተመልሳ ስትመጣ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

“የኦቦ ሙሂዲን ኪታባ ይኸው ነው? ያ ሁሉ?”

“የተቀመጠው እሱ ነው።”

“እኔ ጴንጤ ሆኜ እንኳ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ልብ ወለድ የለመድኩት ከሳቸው ነው እኮ! ‘አንብበሽ አልቅሺ፣ ግን ገጹ ላይ አታልቅሺ’ ይሉኝ ነበር። የት ሄደ?”

“እንጃ” አልኳት። ያቺ “እንጃ” የመጀመሪያዋ ንጹህ ውሸቴ ናት።

ማታ ማታ የማነበው ነገር ይጣፍጠኝ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ተሰረቀ ሥጋ ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ነበር። ኦቦ ሙሂዲን በየገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ከደራሲው ጋር ይጣላሉ። የተዋሸ ሲመስላቸው “ዋሸ!” ይላሉ። አንዱ ቦታ ላይ አፍቃሪው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም ሲል፣ አጠገቡ “ዋሸ! አፍቃሪም ይተኛል” ብለዋል። በሳቅ ፈረስኩ። ሳቄን ለብቻዬ መያዝ አቅቶኝ በየካቲቱ ዓምዴ ላይ “አንድ የማውቀው አንባቢ” ብዬ አወጣሁት። ታስታውሱት ይሆናል። ምላሴ ቢቆረጥ በተሻለኝ።

*

ደርባን፣ መጋቢት 3 ቀን 2015

ለእህቴ ለነዒማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ረመዳን እየደረሰ ነው፤ አላህ በሰላም ያድርሰን።

የየካቲቱን ጽሑፍሽን በስልኬ አነበብኩት። ይቺን “ዋሸ! አፍቃሪም ይተኛል” የምትለውን ሳነብ ደንበኛ ሳሙና ቢጠይቀኝ ዳቦ ሰጠሁት። ነዒማ፣ ይሄ የምታውቂው አንባቢ ማነው? አባባ እንደዚህ ይጽፍ ነበር። ሁለት ሰው እንደዚህ ሊጽፍ ይችላል ወይ? እኔ እነዚያን ልብ ወለዶቹን እናቴ ለስኳር መጠቅለያ ሸጣቸዋለች ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

እንዳትቀየሚኝ። ብትነግሪኝ ብዬ ነው።

ፋሩቅ

*

ደብዳቤው ሲደርሰኝ ጋዲሴ አጠገቤ ተቀምጣ ፈተና ታርማለች።

“ማል ታቴ?” አለችኝ። “ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ።”

ስልኩን ከእጄ ወስዳ ደብዳቤውን አነበበችው። ቀጥሎ እኔን አየችኝ፤ ቀጥሎ ቀሚስ የለበሰውን አልጋ አየችው። ጎንበስ ብላ ገለጠችው።

“ያ ዋቃዮ! ነዒማ! የሞተ ሰው ንብረት እኮ ነው!”

“አልሸጥኳቸውም፤ አነበብኳቸው እንጂ።”

“በሬ የሰረቀስ? እሱስ በላው እንጂ መቼ ሸጠው?”

ለፋሩቅ መልስ ሳልሰጥ ረመዳን ገባ፣ ዒድ አለፈ። ጾምኩ፣ ሰገድኩ፣ ዘካ ሰጠሁ፤ አልጋው ሥር ግን ያለው አለ። ጋዲሴ ሰላም እያለችኝ ታልፋለች እንጂ ቤቴ መግባት ተወች።

*

አምቦ፣ ግንቦት 28 ቀን 2015

ወንድሜ ፋሩቅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ምርቃት ለመጻፍ አፈርኩ። ከእኔ አፍ የሚወጣ ምርቃት የሚያርፍ አልመሰለኝም።

አንባቢው አባትህ ናቸው። መጻሕፍቱ እኔ ጋ ናቸው። ኪታብ ስትለኝ አባትህ ምን ማለታቸው እንደነበር አውቃለሁ። ግን አየኋቸው፣ ወደድኳቸው፤ ቃሉን አጠብቤ የዲን መጽሐፍ ብቻ አስመሰልኩት። አንተ “ኮተት” ስላልክ እሷን እንደ ፈቃድ ቆጠርኳት። ፎቶውም ላይ ልጆቹን ከፊት ያሰለፍኩት እኔ ነኝ። አንተ በሱጁድህ ስሜን እየጠራህ ሳለ እኔ የአባትህ ሐቅ ላይ ተኝቼ ነበር።

ይቅርታ አልለምንህም። ሁለት ገጽ ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። አንደኛው ላይ፣ ልጅቷ ቤተሰቧን ስትሰናበት፣ አባትህ እንዲህ ጽፈዋል፦ “እዚህ ጋ አለቀስኩ። ደንበኛ ገብቶ ምን ሆኑ ቢለኝ የጨርቅ አቧራ ነው አልኩት።” ሁለተኛውን አንተው አንብበው። እኔ ልገለብጠው እጄ እምቢ አለኝ።

ምን ላድርግ? እንዳዘዝከኝ።

ነዒማ

*

ደርባን፣ ሰኔ 1 ቀን 2015

እህቴ ነዒማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩት። “ይሄን ሳነብ ፋሩቅ ዛሬ ቢያየኝ ይቆጣል። ሲበስል ያነበዋል።” የአባባ እጅ ጽሑፍ ነው፤ “ቀ”ን እንደ እሱ አንገቷን አርዝሞ የሚጽፍ የለም። ሱቄን በቀን ዘጋሁት።

ልጅ ሳለሁ አባባን በልብ ወለድ እጨቃጨቀው ነበር። “ሽማግሌ ሰው፣ ሰጋጅ ሰው፣ የፍቅር ወሬ ምን ያደርግልሃል?” እለው ነበር፤ ሰው ፊት ሳይቀር። እሱ ይስቃል። እና ሊሞት ሲል “ኪታቦቼን” ሲለኝ፣ ነዒማ፣ እኔም አውቄያለሁ። የትኞቹን እንደሆነ ጠንቅቄ ነበር የማውቀው። ለአባቴ ሰደቃ ብዬ ልብ ወለድ መስጊድ ግቢ ማስገባት አሳፈረኝ። ስለዚህ “ኮተት” አልኩሽ። “ኮተት” ያልኩሽ የ“ኪታብ” ሌላኛው ግማሽ ነበር። እናቴ ሸጣቸዋለች ብዬም ለራሴ የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ጠይቄያት አላውቅም።

አንቺ ወደሽ አጠበብሽው፣ እኔ አፍሬ አጠበብኩት። መሃል ላይ የተበደለው አባባ ነው። አንቺ ባትወስጃቸው ደግሞ ዛሬ ስኳር ተጠቅልሎባቸው ነበር፤ ይሄን ሳስብ ልቆጣሽ ሞክሬ አቃተኝ። ሁሉንም ለሼህ ደሊል ስጪ። አንድም አታስቀሪ። እሳቸው አናስገባም ካሉ ንገሪኝ፣ እኔ እለምናቸዋለሁ።

ፋሩቅ

*

አምቦ፣ ሰኔ 20 ቀን 2015

ለወንድሜ ለፋሩቅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ የአባትህን ቀብር ኑር ያድርገው፤ አሁን እንኳ ምርቃት አፌን አላቃጠለውም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ጉርሙ የሚባል ባለባጃጅ ጠርተን ከጋዲሴ ጋር ጫንነው። ጋዲሴ ታርቃኛለች፤ “ካርቶኑን ግን እኔ ነኝ የምቆጥረው” ብላ። ጉርሙ “ምንድነው እንዲህ የሚከብደው?” ሲል “የአንድ ሰው ሳቅና ለቅሶ” አልኩት፤ “ለሱ ከሆነ ጭማሪ አለው” አለኝ።

ሼህ ደሊል ካርቶን ከፍተው አንዱን መጽሐፍ አዩ፤ ሽፋኑ ላይ ሴትዮዋ ወንዱ ትከሻ ላይ ራሷን ጥላለች። አደራውን ከነ ጥፋቴ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

“ወቅፍ ወቅፍ ነው” አሉኝ። “የሟች ቃል ነውና ከግቢው አላስወጣውም። ለልጅ የሚሆነውንና ለትልቅ ሰው የሚሆነውን ሳልለይ ግን መደርደሪያ ላይ አይወጣም።”

“ማን ይለየዋል ሼህ?”

“እኔ ነኛ! እያንዳንዱን አንብቤ። ማን አለ ሌላ?” ብለው መነጽራቸውን ጠረጉ።

እንዳልከኝ ሁሉንም አስረክቤያለሁ። አንድም አላስቀረሁም።

እህትህ ነዒማ

*

ደብዳቤዎቹ እዚህ ያበቃሉ። አሁን የማወራችሁን ፋሩቅ አያውቀውም።

ባለፈው ሐሙስ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ አንድ ሰው ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሼህ ደሊል ናቸው። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ነዒማ፣ ክፍል ሁለት የታለ?”

“የምኑ ሼህ?”

“ታውቂዋለሽ። ልጅቷ ጊንጪ ላይ ከአውቶቡሱ ወርዳ ሻንጣዋን ስትረሳ ነው ያቆመው። ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ ተከተላት ወይስ አልተከተላትም?”

“ምናልባት... ኦቦ ሙሂዲን ክፍል ሁለት አልነበራቸው ይሆናል።”

“ነበራቸው” አሉኝ። “በክፍል አንድ መጨረሻ ገጽ ላይ በእጃቸው ‘ሱቁን ዘግቼ ወደ ክፍል ሁለት እሮጣለሁ’ ብለው ጽፈዋል።”

“እፈልገዋለሁ ሼህ።”

“ፈልጊው። ለልጆቹ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ነው” አሉና ፊታቸው ቀላ፤ ሽንኩርት ሳይገዙ ሄዱ።

ያን ጊዜ ክፍል ሁለት ትከሻዬ ላይ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጋዲሴ ካርቶን ቆጠረች እንጂ ቦርሳ አልፈተሸችም። የመጨረሻዎቹን ገጾች ልጨርስ ብቻ ነበር ያስቀረሁት። ሰውዬው መከተል አለመከተሉን እኔም ገና አላወቅሁም። ከሐሙስ ወዲህ ልከፍተው ስል የኦቦ ሙሂዲንና የፋሩቅ ፊት እየመጣብኝ አንዲት መስመር አላለፍኩም።

ፋሩቅ ይህን መጽሔት በስልኩ እንደሚያነብ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ “አንድም አላስቀረሁም” ያልኩህ ላይ፣ አባትህ ቢኖሩ ኅዳጉ ላይ ምን እንደሚጽፉ ታውቃለህ። ሁለተኛ የኑዛዜ ደብዳቤ ልጽፍልህ ስላፈርኩ ነው ሰው ሁሉ ፊት የነገርኩህ።

መጽሐፉን ነገ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ሳልገልጠው ለሼህ ደሊል እሰጣለሁ። ሰጥቼ እንደሆነ፣ ፋሩቅም ደብዳቤ ልኮልኝ ወይ ዝም ብሎኝ እንደሆነ፣ ጋዲሴን ምስክር አድርጌ እዚሁ እነግራችኋለሁ። የእኔን ቃል ብቻ እንዳታምኑ።